ከርከሮ፣ የጫካ አሳማና ጠመንጃ፦ ወሎ ላላችሁትም ውጭ ላላችሁትም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቅምት ገብቶ ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር ስልኬ ላይ ሁለት ዓይነት መልዕክት ይጎርፋል። አንዱ ከሀርቡና ከባቲ ቆላው በኩል ካሉ ዘመዶች ነው፣ "ከርከሮ ጨረሰን፣ ብንተኩስበት ያስጠይቀናል ወይ?" የሚል። ሌላው ከዳላስና ከሂውስተን የሚመጣ ነው፣ ሰው ሄሊኮፕተር ላይ ተቀምጦ የአሳማ መንጋ ሲያጭድ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ስሩ ላይ ደሞ "ይሄንን ነበር አገር ቤት መውሰድ" ምናምን የሚል ኮሜንት አለበት። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መመለስ ስለሰለቸኝ ጥያቄዎቹን እንደተጠየቅኳቸው አንድ ላይ ሰብስቤ የማውቀውን ጻፍኩ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ገበሬ ቤት ያደግኩ ውጭ አገርም ጥቂት የኖርኩ ሰው ነኝ።

ቪዲዮ ላይ የምናየው የአሜሪካ አሳማና የኛ ከርከሮ አንድ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። እዛ ያለው አሳማ ለአገሩ እንግዳ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የመጣ የዱር አሳማ፣ ከቤት ያመለጠ አሳማና የሁለቱ ዲቃላ ነው፣ አሜሪካ አፈር ላይ ከጥንት የነበረ እንስሳ አይደለም። የኛዎቹ ግን የአገሩ ተወላጅ ናቸው፣ እኛ ማሽላ መዝራት ሳንጀምር እዚሁ ነበሩ።

ወሎ ቆላው ላይ ማሳ የሚገቡት ሁለት ናቸው፣ ብዙ ሰው ሁለቱንም በደፈናው ከርከሮ ነው የሚላቸው። አንደኛው ቀን ቀን የሚሄደው ነው፣ ፊቱ ላይ ኪንታሮት የመሰለ ጉብጉብ ያለው፣ ሲሮጥ ጭራውን እንደ አንቴና ቀጥ አርጎ የሚያቆመው፣ ሳር ሲግጥ በፊት እግሮቹ የሚንበረከከው። እሱ ማታ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፣ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱን ራሱ አይቆፍረውም ሌላ እንስሳ ቆፍሮ የተወውን ነው የሚወርሰው፣ ሲገባ ደሞ በጀርባው ነው የሚገባው፣ ጥርሱ ወደ ውጭ እንዲሆን። ሁለተኛው የሌሊቱ ነው፣ ጠጉራም የጫካ አሳማ፣ ቀን ገደል ስር ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ በመንጋ ይወጣል። ማሽላህ ከስሩ ተገንድሶ ካገኘኸው፣ አገዳው ታኝኮ ከተተፋ፣ መሬቱም ታርሶ ካደረ፣ በአብዛኛው የሌሊቱ ስራ ነው። ይሄን መለየት ለምን አስፈለገ ካልከኝ፣ ቀን ዘበኛ አቁመህ ሌሊት የሚመጣውን አትከለክልማ።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ሦስተኛም አለ፣ ደቡብ ምዕራብ ጫካና ባሌ ሀረና በኩል ያለው ትልቁ ጥቁር የጫካ አሳማ። ወሎ ስለሌለ እሱን እንተወው።

እዛ አገር እንዴት እንዲህ በዛ?

ሰው ነው ያበዛው። ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1539 ዴሶቶ ከሚባለው አሳሻቸው ጋር ፍሎሪዳ ሲወርዱ አሳማ ይዘው ነበር የወረዱት፣ ከዛ ወዲህ ያመለጠውም የተለቀቀውም ጫካ ገብቶ ቀረ። በ1912 ደሞ ሀብታሞች ለአደን መዝናኛ ብለው ኖርዝ ካሮላይና ተራራ ላይ የአውሮፓን የዱር አሳማ አስመጥተው አጠሩበት፣ አጥሩ አላቆመውም። ካናዳ ደሞ የቅርብ ጊዜ ነው፣ በ1980ዎቹና 90ዎቹ ገበሬው ገቢውን እንዲያሰፋ ተብሎ ለስጋ እርባታ ገባ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ አንዳንዱ በሩን ከፍቶ ለቀቀው። በብርዱ ይሞታል ብለው ነበር፣ እሱ ግን በረዶ ስር ጎጆ ሰርቶ ይከርማል።

የአሜሪካ ግብርና መስሪያ ቤት አሁን ያለውን ከ6 ሚሊዮን በላይ ይለዋል፣ ቢያንስ 35 ስቴት ውስጥ። ሴቷ ከ6 እስከ 8 ወር ሲሆናት ማርገዝ ትችላለች፣ እርግዝናው 3 ወር ከ3 ሳምንት ከ3 ቀን ነው፣ አንዴ ስትወልድ ከ4 እስከ 6 ትወልዳለች አንዳንዴም ከዛ በላይ፣ ከተመቻት በዓመት ሁለቴ። የኛው ቀን የሚሄደው ከርከሮ ግን በዓመት አንዴ ነው፣ ከ2 እስከ 4 ግልገል። ስለዚ "ከርከሮ እንደ አሜሪካው ሊወረን ነው" የሚለው ወሬ ሂሳቡም አይመጣም። የኛ ነገር በአብዛኛው እሱ በዝቶ አይደለም፣ ጫካው ተመንጥሮ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ስለታረሰ ነው ከማሳችን ጋር ፊት ለፊት የተገጣጠመው።

ታዲያ አሜሪካኖች ያን ሁሉ ጠመንጃ ይዘው ለምን ተኩሰው አይጨርሱትም?

እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይሄንኑ ነበር። ጠመንጃ ከሰው ቁጥር በሚበልጥበት አገር አሳማ እንዴት ያስቸግራል? መልሱን ሳውቅ ግን የአጎቴ ማሳ ነው ትዝ ያለኝ።

አሳማ በመንጋ ነው የሚኖረው፣ እናቶቹ ከነልጆቻቸው አንድ ላይ ይሄዳሉ። አንዱን ስትጥል የቀሩት ይበተናሉ፣ ተበትነውም አዲስ ቦታ ይገባሉ፣ ከዛ በላይ ደሞ ይማራሉ። ቀን ይሄድ የነበረው ሌሊት መሄድ ይጀምራል፣ የመኪና ድምጽ ሲሰማ ጥሻ ይገባል። ቁጥሩ ባለበት እንዲቆም ብቻ በየዓመቱ 70 በመቶ የሚሆነውን ማስወገድ ያስፈልጋል ይላሉ ባለሙያዎቹ፣ ቅዳሜና እሁድ ወጥቶ ሁለት ሦስት የሚጥል አዳኝ ለዚህ ምንም አይፈይድም።

ቴነሲ የሚባለው ስቴት የደረሰበትን ስሙኝማ። በ1999 ሰዎቹ "እንግዲያው አደኑን ክፍት እናርገው፣ ስንት ገደልክ የሚል የለም" ብለው በመላው ስቴት ፈቀዱ። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፣ አሳማው ከምንጊዜውም በላይ የተዛመተው ያኔ ነው። ለምን? ማደን የወደደ ሰው በየሰፈሩ አሳማ እንዲኖርለት ፈለጋ! ፒክአፕ ላይ በቁሙ እየጫነ ካልነበረበት ቦታ ወስዶ የለቀቀው ብዙ ነው። በ2011 ፈቃዱን ቀልብሰው አሳማውን ከሚታደን እንስሳ ዝርዝር አወጡት። ካንሳስ ከነሱ ቀድማ በ2006 ለስፖርት ማደንን ጨርሳ ከለከለች። ሚዙሪም በ2016 ስቴቱ በሚያስተዳድረው መሬት ላይ ከለከለች፣ ምክንያቱ "ተኩሳችሁ እየበተናችሁብን ወጥመዳችንን ታበላሹብናላችሁ" ነው።

የሚሰራላቸው ወጥመዱ ነው። በረት የሚያህል ክብ የብረት አጥር ይተክላሉ፣ በቆሎ ይበትኑበታል፣ በሩን ለሳምንታት ክፍቱን ይተዉታል። መንጋው ለምዶ አንድ ሳይቀር መግባት ሲጀምር በካሜራ የሚያየው ሰውዬ ቤቱ ተቀምጦ ስልኩን ነክቶ በሩን ይጥለዋል። ዘጠኙ ገብቶ አስረኛው ውጭ ካለ አይጥለውም፣ የዛን ቀን ትቶ ይተኛል። ትዕግስት ነው በአጭሩ። ሄሊኮፕተሩም አለ፣ ቴክሳስ በ2011 ፈቅዳለች፣ ሜዳ ላይ መንጋ ለመጨረስ ይጠቅማቸዋል፣ ግን በሰዓት የሚከፈለውን ብር ሰምተህ ከዛ አምባሰል ገደል ላይ ለማሰብ ሞክር።

ቴክሳስ ነው ያለሁት። አሳማ ለማደን ላይሰንስ ያስፈልገኛል?

በግል መሬት ላይ ከሆነና ባለመሬቱ ከፈቀደልህ የአደን ላይሰንስ አያስፈልግም፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ እንደዛ ነው፣ ለነዋሪውም ከሌላ ስቴት ለመጣውም። የመንግስት መሬት ላይ ከሆነ ግን ያስፈልጋል። "ባለመሬቱ ከፈቀደልህ" የምትለዋን አትዝለላት፣ አገር ቤት እንደለመድነው "የጌታ ሜዳ ነው" ብሎ የሰው አጥር መግባት እዛ ቀልድ አይደለም። በቁሙ ይዞ በመኪና ወደ ሌላ ቦታ መውሰድም ራሱን የቻለ ደንብ አለው፣ እንዳትነካካው።

ሌላ ስቴት ከሆንክ ቴክሳስን አትጥቀስ፣ ሁሉም የየራሱ ነው። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደን ክልክል ነው፣ ኒውዮርክ ደሞ በ2014 አሳማ ማደኑን ራሱ ከልክላለች።

ግሪን ካርድ አለኝ፣ ጠመንጃ መግዛት እችላለሁ? ቪዛ ላይ ያለውስ?

ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። በፌደራል ህግ ከባለፈቃድ ሱቅ ረጅም መሳሪያ ለመግዛት 18 ዓመት፣ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ነው፣ ስቴቱ ከዛ በላይ ሊያጠብቀው ይችላል። ፎርም 4473 የምትባል ትሞላለህ፣ ስምህ ይጣራል።

በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በስራ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ግን በመሰረቱ መግዛት ቀርቶ መያዝም አይፈቀድለትም፣ ጸንቶ ያለ የአደን ላይሰንስ መያዝ ከጥቂቶቹ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ነው። እዚች ጋ ነው የኛ ልጆች የሚሸወዱት፣ "ቴክሳስ ለአሳማ ላይሰንስ አያስፈልግም" የሚለውን ሰምተው ተማሪ ቪዛ ላይ ሆነው የጓደኛ ጠመንጃ ይዘው ይወጣሉ። ለአሳማው ባያስፈልግም ለአንተ ያስፈልግሃል! ኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለው ሰው ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ። ሌላው፣ ለራሴ ነው ብሎ ፈርሞ ለወንድም ወይ ለጓደኛ መግዛት ወንጀል ነው፣ ዝምድና አያድንም። በቤት ውስጥ ጸብ ተከሶ የተፈረደበት ሰውም ቀላል ጥፋት ተብሎ ቢታለፍ እንኳ ጠመንጃ መያዝ ይከለከላል።

ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ጀርመን ላለነውስ?

ካናዳ መጀመሪያ የደህንነት ኮርስ ትወስዳለህ፣ ከዛ የመያዣና የመግዣ ላይሰንሱን፣ አደኑ ደሞ ለብቻው ነው። በ2020 ከ1,500 በላይ የጦር ሜዳ አይነት ሞዴሎች ታግደዋል፣ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሽጉጥ መሸጥ መለወጥ ቆሟል። አልበርታ የምትባለው የካናዳ ክፍለ ግዛት ከእርባታ ያመለጠውን አሳማ ከ2008 ጀምሮ ተባይ ብላዋለች፣ ልክ እንደ አንበጣ ማለት ነው።

አውስትራሊያ ከ1996ቱ የፖርት አርተር እልቂት በኋላ ህጉን አጥብቃ 650,000 የሚሆን ጠመንጃ ከህዝቡ ገዝታ አቅልጣለች። አሁን ለማውጣት በቂ ምክንያት ማሳየት አለብህ፣ አደን ወይም እርሻ ምክንያት ይሆናል፣ "ራሴን ለመከላከል" ግን አይሆንም። ይሄን ለወሎ ሰው ስነግረው ነው በጣም የሚገርመው፣ "እና ጠመንጃ ለምን ተፈጠረ?" አለኝ አንዱ።

ጀርመን ከሁሉም ይከብዳል። የአደን ፈተናው "አረንጓዴው ማትሪክ" ነው የሚባለው በቀልድ፣ ስለ እንስሳው፣ ስለ በሽታው፣ ስለ መሳሪያው፣ ስለ ህጉ ተፈትነህ ኢላማም ተኩሰህ ነው የምታልፈው። በ2019/20 የአደን ዘመን ብቻ ከ800,000 በላይ የዱር አሳማ ተገድሏል፣ እንዲያም ሆኖ በርሊን ከተማ ውስጥ አሁንም የሰው ጓሮ ያርሳል።

ወሎ ነኝ። ማሳዬን እያጠፋው ነው፣ ክላሼም ፈቃድ አለው። ልተኩስበት?

የጠመንጃ ፈቃድና የአደን ፈቃድ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ይቺን ደግሜ ልጻፋት፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መሳሪያውን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው (እዚህ ጋ የህጎቹ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው)። እንስሳውን የሚገዛው ደሞ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው፣ ዝርዝሩ ደንብ ቁጥር 163/2001 ላይ አለ። በመጀመሪያው ህጋዊ ሆነህ በሁለተኛው ልትከሰስ ትችላለህ፣ እስራትም የገንዘብ ቅጣትም አለው። ከርከሮ አስቀያሚ ስለሆነ፣ ስጋውም ስለማይበላ "እሱን ማን ይቆጥረዋል" የሚል አለ፣ ህጉ ግን መልክ አይመርጥም፣ የዱር እንስሳ የዱር እንስሳ ነው፣ ያለ ፈቃድ አይታደንም።

ጉዳት ሲደርስ ሰብሉን ሳታነሳ ለቀበሌው ታሳያለህ፣ በቀበሌው በኩል ወረዳው ግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ጽህፈት ቤት ታመለክታለህ። እርምጃ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚወስነውና የሚያስፈጽመው የሚመለከተው አካል ነው፣ በፌደራል ደረጃ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን አለ። አውቃለሁ፣ "እነሱ እስኪመጡ ማሽላው ያልቃል" ልትለኝ ነው። እኔም አንድ ዓመት አጎቴን ይዤ አንድ ጽህፈት ቤት ሄጄ "ሰውየው ስብሰባ ነው" ተብዬ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፣ በሦስተኛው ቀን የምናሳየው ማሽላ አልቆ ነበር። ቢሆንም ማመልከቻዋ ላይ ቀንና ማህተም ይኑርባት፣ በፎቶም አንሷት፣ ኋላ ነገር ቢመጣ የምትይዘው እሷን ነው። በርከት ብላችሁ በአንድ ወረቀት ስታመለክቱ ደሞ ይሰማል።

ቦረና ሳይንት በኩል ያላችሁ ለየት ይላል። እዛ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት፣ ፓርክ ውስጥ መሳሪያ ይዞ መገኘት ራሱ ጣጣ ነው፣ ከርከሮ ተከትዬ ገባሁ ማለት አያስኬድም።

የጠመንጃው ፈቃድ ላይስ ምን ልጠንቀቅ?

ያልተመዘገበ መሳሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ መለወጥ ወንጀል ነው። ፈቃዱ በስምህ ነው የወጣው፣ ለወንድምህ ልጅ "ዛሬ ማማው ላይ አንተ እደር" ብለህ አብረህ የምታውሰው ዕቃ አይደለም። ካያት የወረስነው ነው፣ ውጅግራ ነው፣ አልቢን ነው፣ ዝጎ ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው ማለትም ከምዝገባ አያስመልጥም። ሌላው፣ ጊዜውን እዩት። ባለፉት ዓመታት ወሎ ያሳለፈውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሌሊት ተኩስ የሰማ ሁሉ ከርከሮ ነው ብሎ አያስብም፣ ከወዲያ የሚመልስም ይኖራል።

ወደ ላይ ተኩሶ ማስፈራራትስ?

ወደ ላይ የወጣች ጥይት ትወርዳለች። ይሄን ጥያቄ ስሰማ ሁሌ ትዝ የሚለኝን ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር ማማ ላይ አድር ነበር፣ አራት እንጨት ተተክሎ ላዩ ላይ አገዳ የተነጠፈበት፣ ሲነፍስ የሚወዛወዝ። ሌሊት ጨረቃ የለም፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ምንም አይታይም፣ የምትሰማው ድምጽ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ አገዳ ሲገነደስ ቀሽሽ ይላል፣ ከዛ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ማላመጥ፣ አልፎ አልፎ ደሞ ማንኮራፋት። አጎቴ ወንጭፉን ሲያጮህ ይቆማሉ፣ ትንሽ ቆይተው ይቀጥላሉ። አንድ ሌሊት ምርር ብሎት ምንሽሩን አንስቶ በድምጹ አቅጣጫ ተኮሰ። ጸጥ አለ። እኔ የተገደለ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሲነጋ ደም አገኘን፣ ደሙ ወደ ገደሉ ጥሻ ወረደ፣ ከርከሮው ግን የለም። የቆሰለ ከርከሮ ያለበት ጥሻ ማን ይገባል? ጥርሱ የሰው ጭን እንደ ካራ ነው የሚተለትለው፣ ከብት ጠባቂ ልጆች ስንት ቀን በዛ በኩል ሳይወርዱ ቀሩ። የባሰው ግን እሱ አልነበረም። ከታች እርከን ጎረቤታችን የሚያድርበት ዳስ ምሰሶ ላይ ጥይቷ ተሰክታ ተገኘች፣ ከራስጌው ሁለት ስንዝር ከፍ ብላ። ሽማግሌ ገባ፣ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰውየውም ይቅር አለ፣ አጎቴ ግን ከዛ በኋላ ማሳ ላይ ጠመንጃ ይዞ አድሮ አያውቅም። አሳማዎቹስ? በሁለተኛው ቀን የጎረቤቱ ማሳ ገቡ፣ በሳምንቱ ወደኛው ተመለሱ።

መርዝ ወይም የሽቦ ወጥመድስ?

መርዝ በፍጹም። የሞተውን ውሻህ ይበላዋል፣ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ህጉም አይፈቅድም። ሽቦ ደሞ የሰው ፍየልና ጥጃ ነው በአብዛኛው የሚይዘው፣ ከጎረቤት ያጣላል።

እና እጃችንን አጣጥፈን እንይ?

አረ አይደለም። ከሰማሁትም ካየሁትም የሚረዳው የድሮው ጥበቃ ነው፣ ግን ተቀናጅቶ። እኛ ሰፈር የሰራልን እንዲህ ነበር። ጥግ ለጥግ ያለን ሰባት ቤተሰቦች ለአጨዳ ወንፈል እንደምንገባው ለጥበቃም ተራ ገባን፣ በየማሳው አንድ አንድ ሰው ከሚያድር በገደሉ በኩል ሦስት ማማ ብቻ ተሰርቶ በተራ ተደረ፣ እንቅልፉም ለሁሉም ደረሰ። የሚመጡበት መንገድ አንድ ነው፣ ኮቴያቸው ያስታውቃል፣ እዛ መውጫ ላይ እሾህ በደንብ ተደርቦ ታጠረ፣ ቁልቋልም ተተከለ። የሌሊቱ አሳማ አጥር አይዘልም፣ ከስር ነው የሚሰረስረው፣ ስለዚ የአጥሩ ስር በድንጋይ መያዝ አለበት፣ ሰው ሁሉ ከላይ አሳምሮ ከታች ይረሳል።

ውሻ ጥሩ ነው፣ ሁለትና ከዛ በላይ ከሆነ፣ አንድ ውሻ ብቻውን ይቆስላል። በርበሬ ከደረቀ ኩበት ጋር ማጨስም ለጥቂት ሌሊት ያሸሻቸዋል፣ ከዛ ይለምዱታል፣ ስለዚ ዛሬ ጭስ ነገ ቆርቆሮ ከነገ ወዲያ መብራት እያሉ መቀያየር ነው። ከገደሉ ጋር የሚዋሰነው ማሳ ላይ ስኳር ድንች አትትከሉ፣ እንደ ግብዣ ነው። እዛ ጠርዙ ላይ እነሱ የማይወዱትን፣ በርበሬ ምናምን መዝራት የሚሞክሩ አሉ፣ ክፉ አይደለም።

ደሞ የደረሰውን ቶሎ እጨዱ። አውድማ ሳይዘጋጅ፣ ሰው ሳይገኝ እየተባለ የደረሰ ማሽላ ሁለት ሳምንት ቆሞ የሚጠብቀው ከርከሮን ነው።

ስጋውን የሚገዛ የለም? እዛ ይሸጣል ሲባል ሰምቻለሁ።

እዛ ይሸጣል አዎ፣ ቴክሳስ በቁሙ የሚረከቡ ቄራዎች አሉ፣ አውሮፓም ሬስቶራንት ይቀርባል። ወሎ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም አይበላውም፣ አንድ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው ብለን እንስቃለን። ስለዚ እኛ ጋ ለስጋ ብሎ የሚያድነው የለም፣ ገበያም የለውም። ውጭ ሆነህ የምትበላ ከሆንክ ያው የራስህ ጉዳይ ነው፣ በደንብ መብሰል አለበት፣ ትሪኪኔላ የሚባል ትል አለ፣ አውሮፓ ሳይመረመር አይሸጥም። ጀርመን ባቫሪያ ደሞ ከቼርኖቤል የኒውክሌር አደጋ የተረፈ ጨረር አሁንም የሚለካበት አለ፣ መሬት ቆፍሮ እንጉዳይ ስለሚበላ።

የአሳማ ወረርሽኝ ሲባል እሰማለሁ፣ ለከብቶቼ ያሰጋል?

አብሽር፣ ለከብት፣ ለበግና ለፍየል አያሰጋም፣ ሰውንም አይይዝም። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው ነው፣ አሳማ ዘርን ብቻ ነው የሚይዘው። መጀመሪያ የተለየው ኬንያ ነው፣ በ1921 ነው የተጻፈው። የሚገርመው ከርከሮ ቫይረሱን ከመዥገር ያገኘዋል፣ ራሱ ግን አይታመምም፣ የቤት አሳማና የአውሮፓ የዱር አሳማ ግን እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። በ2007 ጆርጂያ ገብቶ ከዛ ወዲህ አውሮፓን እያተራመሰ ነው፣ ዴንማርክ ፈርታ ከጀርመን ድንበር ላይ 70 ኪሎ ሜትር አጥር አጥራለች። እኛ ጋ ከተማ ዳር አሳማ የሚያረባ ካለ ብቻ ነው መጠንቀቅ ያለበት፣ ከዱሩ ጋር እንዳይገናኝበት።

ውጭ ነው ያለሁት፣ ለዘመዶቼ ጥይት ወይም በጨለማ የሚያሳይ መነጽር በሻንጣ ብልክላቸውስ?

አታርገው። ጥይትም የጠመንጃ ዕቃም ያለ ፈቃድ ከአሜሪካ ማውጣት ወንጀል ነው፣ ቦሌ ላይም ሌላ ወንጀል ነው፣ በአንድ ሻንጣ ሁለት አገር ትከሰሳለህ። በጨለማ የሚያሳየው መነጽር አማዞን ላይ እንደ ሰዓት ስለሚሸጥ ተራ ዕቃ ይመስላል፣ ኤክስፖርቱ ግን ቁጥጥር አለበት፣ እዚህ ሲደርስ ደሞ ለከርከሮ ነው ብትል የሚያምንህ የለም።

እኔ አጎቴን ምን ላምጣልህ ብዬ ደውዬለት ነበር፣ አሁን ሰባ አልፎታል፣ አሁንም ተራው ሲደርስ ማማ ላይ ያድራል። በጸሐይ የሚሞላ፣ ርቆ የሚያበራ ባትሪና ውሃ የማያስገባ ካፖርት ነው ያለኝ፣ ባትሪውን ሁለት አድርገው አለ፣ አንዷ ከታች እርከን ላለው ጎረቤት ናት።